ስክሪም ስንቀዳ ኮምፕረሰሩ የክፍሉን ጩኸት እያወጣ አስቸገረን

ጠባሴ_ጊታር፦
ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ላይ የሜታል ስክሪም (በጩኸት የሚዘፈን ድምፅ) እየቀዳን ነው። ክፍሉ 3 በ4፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ማይኩ ሹር ኤስኤም58፣ የመቅጃ ሶፍትዌሩ ሪፐር። ዘፋኙ የማይኩን ጭንቅላት በእጁ ጨምድዶ ነው የሚጮኸው። ሪያኮምፕ (የሪፐር ኮምፕረሰር፣ ማለትም ድምፅ መጭመቂያ) ላይ ሬሾ (የመጭመቂያው ኃይል) 8፣ አታክ (መጭመቅ እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜ) 0፣ ትሬሾልድ (መጭመቅ የሚጀምርበት ከፍታ) -35 ዴሲቤል አድርጌ ስሰማው ቃሉ ይታፈናል፤ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ደግሞ ክፍሉ እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። ከፍተኛው ጩኸት -9 አካባቢ ነው። ኮንደንሰር ማይክ (ጥቃቅን ድምፅም የሚለቅመውን) ብንገዛ ይስተካከላል?

ባለ_ኬብል፦
ብራችሁን አትጨርሱ። ኮንደንሰር ከገዛችሁማ የቆርቆሮውን ማስተጋባት ጥርት አድርጎ ነው የሚለቅምላችሁ። ለዚህ ሥራ ኤስኤም58 ይበቃል።

መጀመሪያ እጁን ከማይኩ ላይ አስነሱት። ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው በካፕሱሉ ጀርባ አየር ስለሚገባ ነው። ያ መግቢያ በእጅ ሲታፈን ከዙሪያው ሁሉ ይሰማል፣ ድምፁም አፍንጫ አፍንጫ ይላል። ማይኩን ስታንድ ላይ ስቀሉት፣ ፖፕ ፊልተር (የትንፋሽ መከለያ) ይኑረው፣ አፉ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ። ማይክ ካልያዝኩ ጩኸቱ አይወጣልኝም ካለ ያልተሰካ ማይክ አስይዙት፤ ሰው ይስቃል እንጂ ይሠራል።

ጌኑን (የማይኩ ድምፅ የሚጎላበትን መጠን) የምታስተካክሉት በጣም የሚጮኽበትን ቦታ እያስጮሃችሁት ነው። ሲያወራ የተለካ ጌን ሲጮኽ ይቃጠላል። በ24 ቢት ቅዱ፣ ጫፉ ከ-10 እስከ -6 ይሁን። ጌኑን እስከ መጨረሻው ቀንሳችሁም ቀዩ ከበራ ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው) ፓድ (ድምፅ መቀነሻ ቁልፍ) ካለው ተጫኑት፣ ከሌለው 15 ሴንቲሜትር ድረስ ያፈግፍግ። አንዴ ክሊፕ ያደረገ (ከልክ አልፎ ጫፉ የተቆረጠ) ቅጂ በኮምፕረሰር አይመለስም።

ክፍሉን በተመለከተ እዚያው አጠገባችሁ መንዝ አለላችሁ። ወፍራም ዝተት ወይም ባና ሁለት ላይ አጥፋችሁ ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል፤ መሰቀል ያለበት ከዘፋኙ ጀርባ ነው፣ ምክንያቱም የማይኩ ፊት የሚያየው ወደዚያ ነው። አንድ ደግሞ ከራሱ በላይ እንደ ዳስ ወጥሩ፣ ከቆርቆሮው የሚመለሰው ይቀንሳል። ጎርናናውን ድምፅ ግን ብርድ ልብስ አይውጠውም። የእንቁላል ካርቶን የሚሏችሁን አትስሙ። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ሳይጀምር በጠዋት ቅዱ።

ድምፅ_ቀራጭ፦
ባለ ኬብል ያለው እንዳለ ሆኖ ስሌቱን ላሳይህ። ጩኸቱ -9፣ ትሬሾልድህ -35፤ በ26 ዴሲቤል አልፎታል። 26 በሬሾው በ8 ሲካፈል የሚቀረው 3.25 ነው፣ ስለዚህ ከ26ቱ ወደ 23 ዴሲቤል እየተጨፈለቀ ነው። የጠፋውን ድምፅ በሜካፕ ጌን ስትመልሰው፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ኮምፕረሰሩ ይለቅና ክፍሉ በዚያው 23 ዴሲቤል አድጎ ይመጣል። በርሜል የምትለው እሱ ነው። አውቶ ሜካፑንም አጥፋው፣ ጆሮህን ያታልላል።

ስክሪም ሲወጣ ጀምሮ የተጨመቀ ድምፅ ነው፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መሃል ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም። የሚዘለው የቃሉ መነሻ ነው፣ የሚወድቀው የሐረጉ ጫፍ። በአማርኛ ደግሞ ቀ፣ ጠ፣ ጨ ሲፈነዱ አጭር ሹል ጫፍ አላቸው። አታክ 0 ስታደርግ ያንን ጫፍ ትቆርጠዋለህ፣ ጠ ከተ አይለይም። ግጥሙ የማይሰማው ለዚህ ነው።

ሥራውን ለሁለት ከፍለው። ከሁሉ በፊት 100 ኸርትዝ ላይ ሃይ ፓስ (ከዚያ በታች ያለውን ጎርናና ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ) አድርግ፣ አለበለዚያ የትንፋሹ ጉምታ ኮምፕረሰሩን በከንቱ ይጎትተዋል። የመጀመሪያው ኮምፕረሰር ሬሾ 4፣ አታክ 2 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ (ኮምፕረሰሩ እስኪለቅ የሚወስደው ጊዜ) 60፤ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ይንካ። ሁለተኛው ሬሾ 3፣ አታክ 20፣ ሪሊዝ 150፤ ከ4 እስከ 6 ይቀንስ። ሪሊዙን ከ30 በታች ካወረድከው በጎርናናው ጩኸት ላይ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ በጣም ካስረዘምከው የሚቀጥለው ቃል ታፍኖ ይጀምራል። የሐረግ ጫፎችን ከኮምፕረሰሩ በፊት የተቀዳው ድምፅ ላይ በእጅ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ከፍ አድርጋቸው። አሰልቺ ነው፣ ግን ከማንኛውም ፕላግኢን ይበልጣል። የስ እና የሽ ፉጨት ከወጣ ዲኤሰሩን (ፉጨት መቀነሻውን) መጨረሻ ላይ፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎኸርትዝ መሃል አስቀምጠው።

ጠባሴ_ጊታር፦
እናመሰግናለን! ባናው ቤት አለ። መሃል ላይ ቀረርቶ የሚገባበት ቦታ አለን፣ በዚሁ ሴቲንግ ይሄዳል?

ድምፅ_ቀራጭ፦
አይሄድም፣ በሌላ ትራክ ቅዳው። ቀረርቶ ከዝግታ ተነስቶ ነው የሚፈነዳው፣ ውበቱም እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። 30 ሴንቲሜትር አርቀው፣ አንድ ኮምፕረሰር ብቻ፣ ሬሾ 2፣ አታክ 30። ከ3 ዴሲቤል በላይ ከቀነስክ ይሞታል።

ባለ_ኬብል፦
ከቻላችሁ ቀረርቶውን ከስክሪሙ በፊት ቅዱ። ስክሪሙን ስትቀዱ ደግሞ ዘፋኙን በየ20 ደቂቃው አሳርፉት፣ ለብ ያለ ውኃ ይጠጣ፤ ጉሮሮውን ካቃጠለው አጯጯሁ ተሳስቷል ማለት ነውና የዚያን ቀን አቁሙ።