በማረጥ ዕድሜ የሚመጣ የስሜት መለዋወጥ፦ ቤተሰቤን ሳላስቀይም እንዴት ልለፈው?

የጎተራዋ እናት (ጠያቂ)

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዕድሜዬ 48 ነው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ስሆን የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ የወር አበባዬ መምጫው ጠፍቶኛል፤ አንዳንዴ በ3 ሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ወር ቆይቶ ሲመጣ ከወትሮው በዝቶ ይፈሳል። ሙቀቱም ጀምሮኛል፤ ከደረቴ ተነሥቶ ወደ አንገቴና ወደ ፊቴ ይወጣና ላብ በላብ ያደርገኛል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል። ይህንን እንደምንም እችለዋለሁ፤ ያስቸገረኝ ጠባዬ ነው።

በፊት ቁጡ ሰው አልነበርኩም። አሁን ግን በማይረባ ነገር ቱግ እላለሁ። በቅርቡ ትንሿ ልጄ ጭልፋውን የሽሮው ድስት ውስጥ ትታው ስላገኘሁ ብቻ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮህኩባት፤ ደንግጣ ስታየኝ ደግሞ ሆድ ባሰኝና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሥራ ቦታም የቅርብ ጓደኛዬ «ዛሬ ምነው ደከመሽ?» ብትለኝ ነገር የፈለገችኝ ይመስለኛል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም እሆናለሁ፤ ይህ መለዋወጡ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

እናቴን ብጠይቃት «እኛ ይህን የምናስብበት ጊዜ መቼ ነበረን፤ ዝም ብሎ ያልፋል» አለችኝ። ጎረቤቴ ጸበል እንድጠመቅ መከረችኝ። ባለቤቴ ታጋሽ ነው፤ ሆኖም ግራ እንደገባው ያስታውቃል። ይህ በእርግጥ ከማረጥ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ሌላ ሕመም? ሐኪም ዘንድ ልሂድ ብል የትኛው ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው? ያለፋችሁበት ካላችሁ ምን እንደጠቀማችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የደሴዋ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ አሁን 57 ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ ጨርሶ የቆመው በ51 ዓመቴ ሲሆን፣ እጅግ የከፋው ጊዜዬ ግን ከቆመ በኋላ ሳይሆን ከመቆሙ በፊት አንዴ እየመጣ አንዴ እየቀረ የነበረባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ያለሽበት ጊዜ ከባዱ ክፍል ሊሆን ስለሚችል ዕድሜ ልክሽን እንዲህ ሆነሽ የምትቀሪ አይምሰልሽ።

በእኔ በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጣው እንቅልፌን ማስተካከሌ ነው። ሌሊት በላብ ርሼ እነቃና ልብሴን ቀይሬ ስተኛ ተመልሶ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ በማግሥቱ ከሰው ጋር የምጣላው እንዲህ ባደርኩበት ቀን መሆኑን ያስተዋለችው ደግሞ ትልቋ ልጄ ናት። ከዚያ በኋላ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ትቼ ነጠላ ላይ ጋቢ ደርቤ መተኛት ጀመርኩ፤ ሲሞቀኝ ጋቢውን ብቻ እገፈዋለሁ፣ ሲበርደኝ እመልሰዋለሁ። ፒጃማዬም ጥጥ እንጂ ናይለን አይደለም። ከሰዓት በኋላ የምጠጣውንም ቡና ተውኩ። ወሎዬ ሆነሽ ቡና መተው ቀላል እንዳይመስልሽ! አሁንም አፈላለሁ፣ ጎረቤት እጠራለሁ፤ ነገር ግን የምጠጣው የጠዋቱን አቦል ብቻ ነው፣ ከከሰሉም ፈንጠር ብዬ እቀመጣለሁ፤ የምድጃው ወላፈን ፊቴን ሲነካኝ ሙቀቱ ወዲያው ይቀሰቀስብኛልና። በርበሬ የበዛበት ወጥም ማታ ማታ እንዲሁ ያደርገኛል።

ሌላው ነገር፣ ለልጆችሽ በግልጽ ንገሪያቸው። እኛ ስለ ወር አበባ እንኳ ለልጆቻችን በቅጡ ሳንነግር ያሳደግን ሰዎች ነን፤ ስለ ማረጥማ አፋችንንም አንከፍትም። እኔ ግን ልጆቼን ሰብስቤ «በዚህ ዕድሜ ሰውነቴ እየተለወጠ ስለሆነ አንዳንዴ ሳልፈልግ እቆጣለሁ፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ በተቆጣሁ ጊዜ ትንሽ ፋታ ስጡኝ» አልኳቸው። የወንድ ልጄ መረዳት አስገርሞኛል። ጸበሉን በተመለከተ፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ሰላምም አግኝቼበታለሁ፤ ነገር ግን ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽ በጸበሉ ምክንያት እንዳታቋርጪ።

አዋላጅ ነርስ

ጤና ይስጥልኝ። በእናቶች ክፍል ለረጅም ጊዜ ያገለገልኩ አዋላጅ ነርስ ስሆን፣ የጻፉት ሁኔታ በሥራዬ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ ነው። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ይህም በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። እርስዎ ያሉት ከዚያ በፊት ባለው የሽግግር ጊዜ ሲሆን፣ ይህ ጊዜ በአማካይ 4 ዓመት ያህል ይወስዳል፤ የሚረዝምባቸውም ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚሄድ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከመቀነሱ በፊት ከፍና ዝቅ እያለ መዋዠቁ ነው። ኢስትሮጅን ደግሞ ማህፀን ላይ ብቻ ሳይሆን አንጎል ላይም ይሠራል፣ በተለይም ስሜትን ከሚያረጋጉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ከሆነው ከሴሮቶኒን ጋር ግንኙነት አለው። አንድ ቀን ቱግ ብለው በማግሥቱ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚሆኑት፣ ከሌሊቱ ላብና ከእንቅልፍ ማጣቱ በተጨማሪ፣ በዚህም የተነሣ ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ ድብርት ይዟት የነበረ ወይም የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ክፉኛ ትነጫነጭ የነበረች ሴት በዚህ ጊዜ ይበልጥ ተጋላጭ ናት።

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር ለማረጥ ከመስጠት በፊት መጣራት ያለበት አለ። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሙቀት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና መነጫነጭ ያመጣል፤ ሥራው ሲቀንስ ደግሞ ድካምና ድብርት ያስከትላል፤ ሁለቱም ከማረጥ ምልክቶች ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። እርስዎ ደሙ እንደሚበዛ ስለጻፉ የደም ማነስም ሊኖር ይችላል፣ የደም ማነስ ያለባት ሴት ደግሞ ይደክማታል፣ ትዕግሥቷም ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ማህፀንና ጽንስ ሐኪም ይሂዱ፤ የደሙ መብዛት በራሱ መታየት አለበት፣ ወደፊት ደግሞ 12 ወር ሙሉ ቀርቶ ከቆየ በኋላ ዳግመኛ ደም ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀማሉ? የሦስት ወሩ መርፌ የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር ስለሚችል ያንን እየወሰዱ ማረጥን በወር አበባ መቅረት መለየት ያስቸግራል። የወር አበባ ተዛባ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት እንዳልሆነም አይርሱ፤ «አረጥኩ» ብለው መከላከያ ትተው በ47 ዓመታቸው ሆዳቸው ገፍቶ የመጡ እናት አውቃለሁ።

በመጨረሻም ቁጣው የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ልብዎ ከከበደው፣ ያስደስትዎ የነበረው ሁሉ ካስጠላዎ፣ ወይም መኖር የማያስፈልግ መስሎ ከታየዎ፣ ያ ድብርት ስለሚሆን ሳይዘገዩ የአእምሮ ሐኪም ሊያይዎ ይገባል። ሰው «አማኑኤል ሄደች» ይለኛል በሚል ፍርሃት ሕክምናቸውን ያዘገዩ ብዙ እናቶች አሉ፤ የአእምሮ ሕክምና አሁን በሌሎች አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ይሰጣል።

የጎተራዋ እናት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሦስት ወሩን መርፌ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ አሁን የምጠቀመው ምንም የለም፤ የጻፉልኝን አንብቤ ግን ደንግጫለሁ። ሦስተኛዋን ልጄን በወለድኩ ጊዜ ለወራት ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር፤ ያኔ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ ታለፈ። ይህ ከአሁኑ ጋር ይገናኛል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም ነበር። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ የሆርሞን መጠን ምርመራ በየወሩ እንዳሠራ ነግሮኝ ነበር፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ማሠራት ይኖርብኝ እንደሆነ ብትነግሩኝ።

ባል ከአዳማ

በሴቶች ጉዳይ ገብቼ እንደሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ስታልፍ አብሬ ስላለፍኩ ጥቂት ልበል። አዳማ ያለ ማረጥም ትሞቃለች፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለው ክርክር ከሁሉ የባሰ ነበር። የቬንቲሌተር ማራገቢያ ገዝተን በእርሷ በኩል ካስቀመጥነው በኋላ የሌሊቱ ጠብ በጣም ቀነሰ።

ለወንዶች የምመክረው «ደግሞ ጀመረሽ?» የሚለውን አነጋገር ጨርሶ እንዲተዉ ነው፤ በዚያች ቃል ያልተቀጣጠለ ጠብ በቤታችን አልነበረም። እኛ የተስማማነው «ሞቀኝ» ብላ ከተነሣች የጀመርነው ወሬ እዚያው እንዲቆም፣ የቤት ወጪና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የመሰለ አስቸጋሪ ጉዳይ ደግሞ ማታ ደክሟት ሳይሆን ቅዳሜ ጠዋት እንዲነሣ ነበር። በረጋችበት ሰዓት የምትናገረውን ልብ ብዬ ስሰማ ደግሞ ከቁጣዋ አብዛኛው እውነት ያለበት ሆኖ አገኘሁት። ከሥራ መጥታ ምግብ የምታበስለው፣ የታመመች እናቷን የምትጠይቀው፣ የልጆቹን የቤት ሥራ የምታየው እርሷ ነበረች። ሁሉን ቁጣ በሆርሞን ማሳበብ ለእኛ ለባሎች ይመቸናል። እርስዎም ጭልፋው ድስቱ ውስጥ በመቅረቱ ሲበሳጩ፣ ምናልባት ከሥራ መልስ እንደገና ወጥ ቤት መቆምዎ አብሮ አበሳጭቶዎት እንደሆነ ቤተሰቡ ቢያስብበት መልካም ነው።

የቨርጂኒያዋ

እኔ ያለሁት አሜሪካ ስለሆነ እዚህ የተደረገልኝን ሕክምና ልንገርሽ፤ ለአንቺ ይሁን አይሁን ሐኪምሽ ይወስናል። ሐኪሜ ያዘዘችልኝ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን ሲሆን፣ ማህፀኔ ስላልወጣ ፕሮጄስትሮን አብሮ መወሰድ እንዳለበት አስረዳችኝ፤ ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀንን ግድግዳ አወፍሮ ለካንሰር ያጋልጣልና። የሌሊቱ ላብ ሲቀንስ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ከእንቅልፉ ጋር ጠባዬም ተመለሰ።

ብዙዎቻችን «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» ብለን የምንፈራው እ.ኤ.አ. በ2002 እዚህ አሜሪካ አንድ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰር አደጋ ጨምሯል ተብሎ ከተቋረጠ ወዲህ ነው። የዚያ ጥናት ተሳታፊዎች አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር፤ አሁን ሐኪሞች ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤናማ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ በአብዛኛው ይስማማሉ። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ የመታት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን ደም ያላት ሴት ግን በዚህ መንገድ እንድትሄድ አይመከርም። ታናሽ እህቴ ከእነዚህ በአንዱ ምክንያት ስላልተፈቀደላት አነስተኛ መጠን ያለው የድብርት መድኃኒት ታዘዘላት፤ ይህ መድኃኒት ሙቀቱንም ጭምር ይቀንሳል። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የሚደረገው የንግግር ሕክምናም ረድቷታል።

አደራ የምልሽ፣ ሰው ከውጭ የላከውን ወይም ጎረቤት የሰጠሽን ሆርሞን በራስሽ ፈቃድ እንዳትጀምሪ ነው፤ የደም ግፊት ካለብሽ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቂ።

አዋላጅ ነርስ

ስለ ሆርሞን ምርመራው ለጠየቁት፦ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በላይ ሆኖ የወር አበባቸው የተዛባና ሙቀት የሚሰማቸው ሴቶች ወደ ማረጥ መቃረባቸው በምልክቶቹ ይታወቃል፤ የሆርሞን መጠን ምርመራ አያስፈልጋቸውም። በሽግግሩ ወቅት መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ የዛሬው ውጤት የሚቀጥለውን ወር አይነግርዎትም፤ በየወሩ ማሠራቱም ከወጪ በቀር የሚጨምርልዎት ነገር የለም። ገንዘብዎን ለታይሮይድና ለደም ማነስ ምርመራ፣ እንዲሁም ሐኪሙ ካዘዘ ለማህፀን አልትራሳውንድ ያውሉት።

እስከ ቀጠሮዎ ድረስ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ደም የታየበትን ቀን፣ ሌሊት የነቁበትንና የተቆጡበትን ቀን በተለያየ ቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ጳጉሜንም አይዝለሉ። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ከወሊድ በኋላ ያለቀሱበትን ያንን ጊዜ ሳይጠየቁ ቀድመው ይንገሩት፤ የሚያዝልዎትን ሕክምና ሊለውጥ ይችላል። መከላከያውንም በዚያው ቀን ያንሡበት።