ዝናቡ ቤት ዘግቶብናል፤ ሁለቱን ልጆች በምን ላጫውት? (ጎንደር)

የማራኪዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። የ6 ዓመት ሴትና የ2 ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አሉኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያባራም፣ ማታ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁለቱም ስልክ ላይ ይረባረባሉ። መጫወቻ መግዛት አልፈልግም። የምፈልገው ቤት ውስጥ ባለ ነገር አብረን የምንሠራው፣ ሲያልቅ «ነገም እንሥራ» የሚያስብል ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ቢይዝ ይመረጣል፤ ጠቡ የሚነሳው ትልቋ የሠራችውን ትንሹ ሲያፈርስ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ያለን የከሰል ምድጃና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መጠኑንና አሠራሩን ጭምር ብትጽፉልኝ።

እትዬ ሰፌድ

ዳቦ ቆሎ ሥሪ ልጄ። ሁለቱንም በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ከሱ የተሻለ ሥራ የለም። ማቡካት አለው፣ ማንከባለል አለው፣ መቁረጥ አለው፣ መጨረሻ ላይ የሚበላ ነገር ይወጣዋል።

ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት (በውሃ ብርጭቆ አራት ገደማ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይት ያዢ። በርበሬ የሚገባው ለትልቅ ሰው ሲሆን ነው፤ ለልጆች ይቅር። ደረቁን ቀላቅለሽ ዘይቱን በእጅሽ አሺው፤ ዱቄቱ ስትጨብጪው መያያዝ ሲጀምር ውሃ ጨምሪ። ውሃውን በአንዴ አትገልብጪው፣ ከአንድ ብርጭቆ ያነሰ ይበቃዋል። ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት። ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ ሲቆላ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አሥር ደቂቃ አሽተሽ፣ እርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ ሩብ ሰዓት አሳርፊው። ያላረፈ ሊጥ ሲንከባለል ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ልጆች «እምቢ አለኝ» ብለው ትተው የሚነሱት እዚህ ላይ ነው።

ለትንሹ የእጁን መዳፍ የሚሞላ ሊጥ ስጪውና ትሪው ላይ ያንከባልል። ለትልቋ ጫፉ ዱልዱም የሆነ የልጆች መቀስ። ሊጥ በመቀስ መቁረጥ ከቢላዋ ይቀላል፣ መቀሱን ዱቄት እያስነካች ከሆነ ደግሞ አይጣበቅባትም። ውፍረቱ ከእርሳስ አይብለጥ፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሁን። የልጅ እጅ የቆረጠው መቼም እኩል አይወጣም፤ አንዱ ባቄላ ያክላል፣ ሌላው ምስር። አብረሽ ከቆላሽው ምስሩ ሲያር ባቄላው ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ ወደ ምድጃ ከመሄዱ በፊት ሰፌዱ ላይ ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ ያስቀምጡት፣ አንቺም በሁለት ዙር ቁዪው። ይህ መለየቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ጨዋታ ነው፣ የተሰለፈ ነገር የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ ከቆረጣው ይበልጥበታል።

እሳቱ የአንቺ ብቻ ነው። ወፍራም መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት፣ ዘይት አይጨመርበትም፣ ፍሬው አይደራረብም። ሳታቋርጪ አማስዪ። መቅላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰሽ ቀጥዪ፤ በጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱን ሰብረሽ እዪው፣ መሃሉ ነጭና ለስላሳ ከሆነ ይቀረዋል። ሲወጣ ሰፌድ ላይ በትነሽ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ክዳን ባለው ዕቃ ከከተትሽው እንፋሎቱ መልሶ ያልመዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ትንሹ ይህን አይበላም። ዳቦ ቆሎም፣ ገብስ ቆሎም፣ ኦቾሎኒም፣ ፈንዲሻም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንታ ናቸው። ገና በደንብ ማድቀቅ ስለማይችል ፍሬው እንዳለ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ለሱ ከዚያው ሊጥ ቁራጭ አስቀሪና ስስ ቂጣ ጋግረሽ፣ ትኩስ እያለ ቅቤ ቀብተሽ ቆራርሰሽ ስጪው። እሱም ያንከባለለውን በላ ማለት ነው፣ «የኔስ?» የሚል ለቅሶ አይኖርም።

ጨርቅ ኳስ

እትዬ ያሉትን ትንታ በተመለከተ አንድ ልጨምር። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ቄጤማው ላይ ይበተናል፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ደግሞ የ2 ዓመት ልጅ ከሣሩ ውስጥ እየለቀመ ይበላል። ቄጤማው እስኪጠረግ ልጁን ከክፍሉ ማውጣት ይሻላል።

ወደ ጨዋታው ስመጣ፣ የካልሲ ኳስ። አንድ ረጅም አሮጌ ካልሲና የተቀደደ ቲሸርት ይበቃል። ቲሸርቱን ሁለት ጣት ስፋት እየሰጣችሁ ቅደዱት፤ መቅደዱ ለልጆቹ ነው፣ አንቺ ጫፉን በመቀስ ጀምሪላቸው። መሃሉ ላይ አንድ የተጨማደደ ፌስታል አድርጊ፣ ኳሱ ቀለል ብሎ እንዲነጥር ይረዳል። ጨርቁን በፌስታሉ ላይ በየአቅጣጫው እየጠመጠማችሁ የብርቱካን መጠን ሲደርስ ካልሲው ጫፍ ድረስ ክተቱት። የካልሲውን አንገት አጥብቀሽ ጠምዝዢና ቀሪውን በኳሱ ላይ ገልብጪው፣ ደግመሽ ጠምዝዢ፣ ደግመሽ ገልብጪ፣ ካልሲው እስኪያልቅ። ጫፉን በወፍራም ክር ስፊው። በላስቲክ ብቻ ያሰሩት ኳስ ከጥቂት ምት በኋላ ይፈታል፣ ፌስታሉም ይወጣል፤ ፌስታል ደግሞ ትንሽ ልጅ እጅ መግባት የለበትም።

ጠባብ ቤት ውስጥ በእግር ከመምታት ይልቅ ሳፋ ወይም ቅርጫት ውስጥ መወርወር ይሻላል። ትንሹ ከአንድ እርምጃ፣ ትልቋ ከአራት እርምጃ። ርቀቱ ካልተለያየ ትልቋ ሁልጊዜ ታሸንፋለች፣ ጨዋታውም በጠብ ያልቃል።

ወለቃ መንገድ

ጭቃ የሚባል ነገር ረሳችሁት እንዴ? የጎንደር ልጅ ሆኖ ከጭቃ በሬ ያልሠራ አለ? ከከተማው ወደ ደባርቅ ሲወጣ ያለችው ወለቃ፣ ድሮ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት፣ በትንንሽ የሸክላ ምስሎቿ የታወቀች ናት። ልጆቹን አንድ ጠዋት ወስደሽ አሳያቸውና ከዚያ ቤት መጥተው ይሥሩ።

ያገኙት አፈር ሁሉ ግን አይሆንም። ጥቁሩ መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የሠሩት በሬ በማግስቱ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ለመለየት እርጥቡን አፈር ጣት አክሎ አድቦልብለሽ ቀለበት አድርገሽ እጠፊው። ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ደህና ነው፣ ከፈረሰ አሸዋው በዝቷል።

ደረቁን አፈር ወቅጠሽ በወንፊት ንፊው፤ አንድ ጠጠር ከቀረ ሲደርቅ ስንጥቁ የሚጀምረው ከሱ ነው። ለአራት ጣሳ አፈር አንድ ጣሳ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ጨምሪ፣ ይህ ነው መሰንጠቅን የሚቀንሰው። ውሃ ትንሽ በትንሽ፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ማሸት፣ ከዚያ በፌስታል ሸፍኖ ማሳደር። ያደረ ጭቃ ከትኩሱ ይልቅ ይታዘዛል።

የበሬው አካል ከአውራ ጣት አይወፍር። እግሩንና ቀንዱን ዝም ብሎ መለጠፍ አይበቃም፤ ሁለቱንም ገጽ በእንጨት ጫር ጫር አድርጎ፣ በውሃ የቀጠነ ጭቃ ቀብቶ ነው የሚያያዘው። ልጆች ይህን ስለሚዘሉት ነው የሁሉም በሬ ቀንድ የሚረግፈው። በጥላ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በክረምት ሳምንት ቢፈጅ አትገረሚ። ለማጠንከር ብለሽ ከሰል ላይ እንዳታደርጊው፤ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሸክላውን ያፈነዳዋል፣ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል። ሳይተኮስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

አፈሩን ከብትና ውሻ ከማይደርስበት ቦታ አምጪ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና፣ ጥፍራቸውን ደግሞ በብሩሽ። የወስፋት እንቁላል ወደ አፍ የሚገባው በጥፍር ሥር ከቀረው አፈር ጋር ነው።

የማራኪዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ቂጣውን ለትንሹ ለይቼ እጋግራለሁ። ማታ መብራት ሲሄድስ? ሻማ አብርቼ ሊጥም ጭቃም አይሆንልኝም።

ምን አውቅልህ

ለማታ እጅ የማያስፈልገው ጨዋታ አለልሽ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» የ6 ዓመት ልጅ በደንብ ትይዘዋለች። ቤት ውስጥ ካለ ነገር ጀምሪ፦ በር የሌለው ነጭ ቤት (እንቁላል)፣ ዙሪያው እሾህ መሃሉ ኩሬ (ዓይን)፣ ስሄድ ይሄዳል ስቆም ይቆማል (ጥላ)። ካላወቀች «አገር ስጪኝ» ትበይና አገሩን ትሰጥሻለች። እኛ ጋ ሁሉም ቀድሞ ጎንደርን ነው የሚፈልገው፤ እንድትጓጓ ጎንደርን ለመጨረሻ አስቀምጪውና በባሕር ዳር፣ በደባርቅ፣ በጎርጎራ አዙሪያት። አገር ከመጠየቋ በፊት ሦስት ፍንጭ ይሰጣት፣ አለዚያ በየጥያቄው ተሸንፋ ትተኛለች። እሷ የፈጠረችው እንቆቅልሽ ትርጉም ባይኖረውም መልሱን እንደማታውቂ ሆነሽ አገር ስጫት። እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ አታድርጊው፤ «ስህተት ነው» የተባለበት ቀን ጨዋታው ያበቃል።

ለትንሹ ኩኩሉ። «ኩኩሉ» «አልነጋም» እየተባባሉ በአንድ ነጠላ ሥር መደበቅ ለሱ በቂው ነው፣ ዘጠኝ ጊዜ እዚያው ቦታ ቢደበቅም አሥረኛው ላይ ያው ይስቃል።

የግድግዳ ጥላ ጨዋታም አለ፣ ግን በሻማ ሳይሆን በባትሪ። ሻማ ይወዛወዛል፣ ጥላውም አይጠራም፣ ነጠላም ያቃጥላል። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ እጃችሁ በባትሪውና በግድግዳው መካከል ይሁን። እጅ ወደ ባትሪው ሲቀርብ ጥላው ይገዝፋል፣ ወደ ግድግዳው ሲቀርብ ያንስና ጠርዙ ይጠራል። ሁለቱን አውራ ጣቶች አቆላልፎ ጣቶችን መዘርጋት ወፍ ይወጣዋል፣ ይህን የ2 ዓመት ተኩል ልጅም ይሞክረዋል።

ቀሃ ማዶ

ሁሉንም ነገር ቤት ውስጥ አታድርጉት እንጂ። በክረምትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጠዋት ብራ ነው፣ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ ውጡና ምሳ ሳይደርስ ተመለሱ። የፋሲል ግቢ ለልጅ ከሙዚየም ይልቅ የመደበቂያ ቦታ ነው። የ6 ዓመቷ የአፄ ፋሲልን ግንብ ጉልላቶች አይታ ለምን «እንቁላል ግንብ» እንደሚባል ራሷ ትናገራለች። የአንበሶቹን ቤትም አሳያት። ድንጋዩ በዝናብ ያዳልጣል፣ የአንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ መደገፊያ የለውም፤ ስለዚህ ትንሹ በእጅ ይያዝ ወይም ይታዘል፣ ጋሪ እዚያ አይሄድም። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ደግሞ ግንቡን አቅፈው የወጡት የዛፍ ሥሮች አሉ። ለልጅ ከግንቡ በላይ የሚያስገርሙት እነሱ ናቸው። የዛፉ ሥር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጣታቸው ይከተሉት።

የማራኪዋ እናት

እትዬ፣ ዳቦ ቆሎውን ዛሬ ቆላነው። ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር፣ ማታ ላይ ግን ለሰስ አለ። ቡሄም እየደረሰ ስለሆነ ሙልሙል ላይ ልጆቹን ማስገባት ይቻላል?

እትዬ ሰፌድ

የለሰሰው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ተከድኖ ነው፣ ወይም መሃሉ ትንሽ ውሃ ቀርቶበታል። መልሰሽ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አማስዪው፣ ሰፌድ ላይ በትኚው፣ ከዚያ በቆርቆሮ ክደኚው። ይመለሳል።

ሙልሙል ደህና ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ቁንጥር ጥቁር አዝሙድ። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞታል። ጎንደር በነሐሴ ስለሚቀዘቅዝ ኩፍ ለማለት አንድ ሰዓት አይበቃውም፣ ሁለት ሰዓት ጠብቂው፤ ምድጃው አጠገብ አድርጊው እንጂ ላዩ ላይ አታስቀምጪው። በጣትሽ ስትጫኚው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ከዚያ የሎሚ መጠን እየቆረጥሽ ስጫቸው፣ 100 ግራም ገደማ ከሆነ ከ16 ያላነሰ ሙልሙል ይወጣል። እነሱ ያድቦልብሉት፣ ምጣዱ ጋ ግን አይጠጉ። ጠማማው ቢበዛ አይጣል፣ ነሐሴ 12 ማታ «ሆያ ሆዬ» ብለው ለሚመጡት ልጆች ጠማማና ቀጥ ያለ ልዩነት የለውም። የአንቺዋ ልጅ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ትስጣቸው፤ ለቤት የሚበቃውን ግን አስቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ፣ ካልሆነ ሁሉንም ታድላለች።