በክሮም፣ በኤጅና በፋየርፎክስ መካከል ለመምረጥ ተቸግሬያለሁና አማክሩኝ

የምጠቀምበት ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ አሁን ያለኝ ብሮውዘር ብዙ ታብ ሲከፈትበት ይንቀራፈፋል፤ ወደ ቀደመው ታብ ስመለስም ገጹ እንደ አዲስ ስለሚጫን ሞልቼ ያልጨረስኩት ቅጽ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ብሮውዘር ለመቀየር ብወስንም የትኛውን እንደምመርጥ ግራ ገብቶኛል።

እስካሁን እንደተረዳሁት ብሬቭ፣ ኦፔራና ቪቫልዲ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ አዲሱ ኤጅ፣ ልክ እንደ ክሮም ክሮሚየም በተባለው የጉግል ክፍት ኮድ ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ፋየርፎክስ ግን ድረ ገጾችን የሚያሳይ ጌኮ የተባለ የራሱ ሞተር አለው። እንግዲህ መሠረታቸው አንድ ከሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር በሜሞሪ አጠቃቀም ረገድ የሚታይ ልዩነት ያመጣል ወይስ ቤቱ ያው ሆኖ ቀለሙ ብቻ ነው የሚለወጠው? ኤጅ ያልተነኩ ታቦችን እንደሚያስተኛ፣ ክሮምም ሜሞሪ ቆጣቢ እንዳለው አውቃለሁ፤ የእኔ ጥያቄ ግን ከሁለቱ በየትኛው የተጻፈ ቅጽ ሳይጠፋ ይቆያል የሚለው ነው።

ወደ ፋየርፎክስ የሚስበኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን በሙሉ አቅሙ የሚሠራበት መሆኑ ነው፤ በክሮም ኤክስቴንሽኖች (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ፕሮግራሞች) የሚሠሩበትን መንገድ የሚወስነው የማኒፌስት ቪ3 ደንብ ከመጣ ወዲህ የቀረው አቅሙ የተቀነሰው ላይት የተባለው ነው። የሚያሰጋኝ ደግሞ አንዳንድ ድረ ገጾች በክሮም ብቻ ተፈትሸው የሚለቀቁ መሆናቸው ነው። የይለፍ ቃሎቼንና ዕልባቶቼን ማዛወሩ አያሳስበኝም።

አነስተኛ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ዓይነት የሞከራችሁ፣ የትኛውን እንደመረጣችሁና የትኞቹን ሴቲንጎች እንደቀየራችሁ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።