በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሳቅና ኀዘን ሲገናኙ ሙዚቃው እንዴት ይሠራ?

ጥያቄ፣ ከባለክራር፦
ጤና ይስጥልኝ። እያንዳንዱ ክፍል 22 ደቂቃ ለሆነ፣ የሚያስቅም የሚያሳዝንም የቴሌቪዥን አኒሜሽን ሙዚቃ እየሠራሁ ነው። በአንዱ ትዕይንት አባትዬው ለልጁ ሠርግ የሚተክለው ድንኳን ይወድቅበታል፤ ከሥሩ ሲወጣ የሟች ሚስቱን ነጠላ አግኝቶ ዝም ይላል። ለመውደቁ የማሲንቆ፣ ለነጠላው የዋሽንት ዜማ ብሰጥ ዳይሬክተሩ የሁለት ፊልም ሙዚቃ ይመስላል አሉኝ። በረቂቁ ምስል ላይ የሠራኋቸው የሙዚቃ ምቶችም ከተጠናቀቀው ምስል ጋር አልገጠሙም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከቅኝት ወዳድ፦
ዜማው አንድ ይሁንና ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የሚጠቀምባቸው ድምፆች ስብስብ፣ ይለወጥ። ድንኳኑ ሲተከል በሙሉ ትዝታ፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ያሰሙት፤ ነጠላው ሲታይ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ያንኑ ዜማ አዘግይተው ቢመልሱት፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቀው ልቡ ይነካል።

መልስ፣ ከድምፅ ቀራጭ፦
በቅኝቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መውደቁ ራሱ ሙዚቃ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ምስሉ እያሳቀ ሙዚቃውም እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ተከትሎ ከሳቀ ቀልዱ ይደክማል። ዜማው በቁም ነገር እየሄደ ልክ ከመውደቁ በፊት ይቋረጥ፣ የድንኳኑ ድምፅ ብቻ ይሰማ፣ ከዚያም ነጠላው በዝምታ ይታይ። የማሲንቆ ድምፅ ለሰው ድምፅ ስለሚቀርብ፣ ንግግር ባለበት ቦታ ዝም አሰኙት።

መልስ፣ ከአርታዒው፦
ምቶቹ ያልገጠሙበትን ምክንያት አስቀድመው ይለዩ። ልዩነቱ ቀስ በቀስ እያደገ ከሄደ የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች ብዛት፣ ጉዳይ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም የተሠራ 22 ደቂቃ ምስል በ25 ፍሬም ሲጫወት ወደ 53 ሰከንድ ገደማ ያጥራል። በአንድ ቦታ በድንገት የሚዘል ከሆነ ግን ትዕይንቱ ተቆርጧል ወይም ተራዝሟል ማለት ነው። ለ25 ፍሬም ሥራ 1500ን በደቂቃ ባለው የምት ቁጥር ያካፍሉ፦ 125 ምት ቢመርጡ እያንዳንዱ ምት በ12 ፍሬም ላይ ያርፋል፤ 120 ግን 12 ተኩል ስለሚሰጥ አንድ አንዱ ምት በሁለት ፍሬሞች መካከል ይወድቃል። የመጨረሻውን ቅጂ ምስሉ ሳይቆለፍ፣ ማለትም ከእንግዲህ እንደማይቆረጥና እንደማይራዘም ሳይወሰን፣ አይቅረጹ፤ ሲያስረክቡም መሣሪያዎቹን ለየብቻ በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና መጠን ይስጡ።

ባለክራር፦
አመሰግናለሁ። አሁን ሳየው ልዩነቱ የሚዘለው ድንኳኑ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያ ቦታ ተራዝሟል። ዜማውን የምጫወትበትን ክራር ግን በአንድ ትዕይንት መካከል እንዴት ልቃኘው?

ቅኝት ወዳድ፦
መሐል ላይ አይቃኙት። ሁለት ክራር ለየብቻ ቃኝተው በተለያየ መስመር ይቅረጹ። አንድ ብቻ ካለዎት መጀመሪያ በሙሉው ትዝታ የሚጫወቱትን ሁሉ ይጨርሱ፣ ከዚያ የሚንና የላን አውታሮች ብቻ አላልተው ይቀጥሉ። አውታሩ እንደላላ ስለሚንሸራተት፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት በመቃኛ ማረጋገጥዎን አይተዉ።