ያገለገለ የአደን ጠመንጃ፦ ስንት ቢሉኝ ነው ልክ የሚሆነው?

ጥያቄ፦

ሰላም ቤተሰብ። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከመጣሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። የሥራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አጋዘን አደን ይወጣሉ። ዘንድሮ እኔም የአዳኞችን ኮርስ ጨርሼ ካርዴን ወስጃለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ። ያችን በእጀታ የምትቀባበለውን ጠመንጃ፣ ሊቨር አክሽን የሚሏትን፣ ያገለገለች ልግዛ ብዬ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ለእኔ አንድ ዓይነት የሚመስለኝን ነገር አንዱ 450፣ አንዱ 900፣ አንዱ 1,300 ዶላር አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሩቅ መንታ የሚመስሉት ጠመንጃዎች ሲቀርቧቸው አይገናኙም። አባቶቻችን ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን ብለው በስሙ ይለዩ ነበር። እዚህ ስሙ ብቻ አይበቃም። የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት እንደሠራው ካላወቅህ ሻጩ የጠራልህን ዋጋ ትከፍላለህ።

እኔ ከፍያለሁ። የመጀመሪያዬን ስገዛ ሻጩ አካሉ ወርቅ የተቀባ፣ አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን የሆነ ዊንቸስተር 94 አወጣልኝ። ካርቶኑም አብሮት አለ። «የ100ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው፣ ብርቅ ነው፣ ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል» አለኝ። 1,100 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት። የፋብሪካው መታሰቢያ መሆኑ እውነት ነው፣ በ1966 የወጣ ነው። ብርቅ የተባለው ግን ከ100,000 በላይ ተሠርቷል። በዚያ ላይ የመታሰቢያ ጠመንጃ ዋጋ የሚያወጣው ሳይተኮስበት ከነካርቶኑ ሲቀመጥ ነው። እኔ ደግሞ ለአደን ነበር የገዛሁት፣ ተኮስኩበት። ስሸጠው 600 ዶላር አገኘሁ። ያ 500 ዶላር ለእናቴ የምልከው የሁለት ወር ገንዘብ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ አንተ። ብዙ ጊዜ የምታገኘው ማርሊን 336 ነው። ከ1948 ጀምሮ የተሠራ ነው። ቀለሁን በጎን ስለሚተፋ ላዩ ላይ ስኮፕ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ማለት ነው፣ ማሰር ቀላል ነው። ለብዙ ዘመን የተሠራው ኖርዝ ሄቨን፣ ኮኔቲከት ውስጥ ነው። በኋላ ሬሚንግተን የሚባለው ሌላ ጠመንጃ ሠሪ ድርጅቱን ገዛና ያ ፋብሪካ በ2011 ተዘጋ፣ ሥራው ወደ ኢሊየን፣ ኒው ዮርክ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ የኢሊየን ዓመታት ሥራ በአዳኞች ዘንድ ስሙ ጥሩ አይደለም። እንጨቱ ከብረቱ ጋር የማይገጥም፣ ማነጣጠሪያው የጠመመ አለበት። ስለዚህ ሰው የድሮውን ይፈልጋል። መለያው ቀላል ነው፦ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በግራ በኩል፣ «ጄ ኤም» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተመተውበታል። ከ1973 ወዲህ ያለውን ዕድሜ ለማወቅ ደግሞ የመለያ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ከ100 ቀንስ። በ22 ከጀመረ 78 ይመጣል፣ 1978 ማለት ነው። አሁን ማርሊን የሩገር ኩባንያ ነው፣ የሩገሩ 336 በ2023 ወጥቷል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን አዲሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የድሮውንም ዋጋ ሽቅብ የጎተተው አንዱ እሱ ነው።

ዊንቸስተር 94 ላይ መስመሩ 1964 ነው። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ቀየረ። «ቅድመ 64» የሚባለው ተወዳጅ የሆነው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ከ2,700,000 በታች ከሆነ የድሮው ነው። ከ64 በኋላ ያለው አጋዘን አይጥልም ማለት አይደለም። ይጥላል። ግን እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት አካላቸው ቀለሙ ከለቀቀ በተለመደው መንገድ መልሶ አይይዝም። «አስቀባዋለሁ» ብለህ አትግዛው። የድሮዎቹ ቀለሁን ወደ ላይ ስለሚተፉ ስኮፕ መሃል ላይ አይቆምም፣ ይህንንም አስብበት።

ሱቅ ስትሄድ ትንሽ ባትሪና ነጭ ወረቀት ያዝ። መጀመሪያ እጀታውን ከፍተህ ጥይት እንደሌለበት በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ሻጩ ባዶ ነው ቢልህም አረጋግጥ። ከዚያ ወረቀቱን ክፍቱ ላይ አድርገህ ባትሪውን አብራበትና በአፈሙዙ ጫፍ በኩል ተመልከት። ጥምዝ መስመሮቹ እንደ መስታወት ካበሩ ደግ ነው። ጨለማና ጉድጓድ ጉድጓድ ካየህ ዝገት በልቶታል፣ አስቀምጠው። ጫፉን በጣትህ ዳስስ። ዊንቸስተር የሚጸዳው በአፈሙዙ በኩል ስለሆነ የማጽጃ ዘንጉ ጫፉን ሊበላው ይችላል። ከዚያ ብሎኖቹን እይ። የብሎኑ ስንጥቅ ተፈልፍሎ ከሆነ አንድ ሰው በማይሆን ካቻቢቴ ፈትቶታል፣ ውስጡን ምን እንዳደረገው አይታወቅም። አካሉ ከሥር፣ እጅ በሚይዝበት ቦታ፣ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ቢያበራ ግን አትደንግጥ። እሱ የመሸከም ምልክት ነው፣ ጥይቱን አያስተውም። መደራደሪያ ይሆንሃል። ያጠረ ሰደፍ ወይም በኋላ የተበሳ ቀዳዳም ሰብሳቢ ስለማይፈልገው ዋጋ ይቀንሳል። ለአዳኝ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም።

ዋጋውን ስትጠይቅ ኢንተርኔት ላይ ሰው የለጠፈውን አትመን። ማንም ያሻውን ይለጥፋል። የጨረታ ገጾች ላይ «ተሽጧል» የሚለውን ብቻ እይ። እኔ በዚህ ሁለት ዓመት ዴንቨር ዙሪያ ካየሁት፣ የጄ ኤም ማርሊን በጥሩ ሁኔታ ያለ ከ600 እስከ 850፣ ከ64 በኋላ ያለ ዊንቸስተር ከ550 እስከ 750፣ ቅድመ 64 ከ800 ወደ ላይ ነው። ጥይቱም ዋጋ ነው። 30-30 የሚባለው የጥይት ዓይነት በብዙ ሱቅ አለ። 32 ስፔሻል ወይም 35 ሬሚንግተን የሚባሉትን ጥይቶች የሚተኩስ ጠመንጃ ረክሶ ስታየው ጥይቱን መጀመሪያ ፈልገህ እይ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዋጋው በላይ ያሳስበኛል። ሱቅ ስትገዛ የምትሞላው የፌዴራል ቅጽ፣ ቅጽ 4473 ላይ የዜግነት ጥያቄ አለ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፣ ግን «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለውን እንዳታመለክት። በቸኮለ እጅ የተሞላች አንዲት ምልክት ከአገር ልታስባርር ትችላለች። በተማሪና በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ በፌዴራል ሕግ መያዝም አይፈቀድላችሁም፣ የአደን ፈቃድ ከመሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር። መረዳዳት ልማዳችን ስለሆነ ይህንንም ልጨምር፦ ለጓደኛህ ብለህ በራስህ ስም አትግዛለት። እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ከግለሰብ ብትገዛም ኮሎራዶ ውስጥ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የጀርባ ታሪክ ማጣራት አለ። ከፍለህም ወዲያው ይዘህ አትወጣም፣ ቢያንስ 3 ቀን ትጠብቃለህ።

ሌላ መልስ፦

ልጆች ላላችሁ፣ የመቆለፊያ ሣጥኑን ዋጋ ከጠመንጃው ጋር ደምሩ። በ2021 በወጣው የኮሎራዶ ሕግ ልጅ ሊደርስበት የሚችል ከሆነ ቆልፎ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነበር ያስቀመጠው። የ7 ዓመት ልጃችን ወንበር ስትጎትት አየኋት። በማግስቱ ሣጥን ገዛን።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ያ 450 ያሉኝ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ማርሊን አይልም፣ «ግሌንፊልድ 30ኤ» ይላል። ቁጥሩ በ24 ይጀምራል። እንጨቱ ተቧጭሯል፣ ውስጡ ግን ያበራል። ልተወው?

መልስ፦

እንዳትተወው! ግሌንፊልድ ማርሊን ራሱ ነው፣ በትልልቅ መደብሮች በርካሽ እንዲሸጥ በሌላ ስም የወጣ። ልዩነቱ እንጨቱ ነው፣ ዎልነት ሳይሆን ርካሽ እንጨት ነው። የሚተኩሰው ብረት ያው ነው። 24 ከ100 ሲቀነስ 76፣ ስለዚህ በ1976 የተሠራ ነው። ጭረቱን አሳይተህ 400 በለው፣ 425 ላይ ይስማማል ብዬ አስባለሁ። እንቢ ካለም 450 አይከፋም። ጥይት ስትገዛ ጫፉ ደፍጠጥ ያለውን ውሰድ። ከአፈሙዙ ሥር ባለው የጥይት ቱቦ ውስጥ ጥይቶቹ ተከታትለው ስለሚተኙ ሹል ጫፍ የፊተኛውን ጥይት ካፕሱል፣ ማቀጣጠያውን ማለት ነው፣ ሊመታ ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ባትሪዬን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ። ቀንቶህ በጥቅምት ከጣልክ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሳይገባ ጥብሱ ይደርሳል።