በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ውጤትና የተማሪ ብዛት እንዴት እናነጻጽር?

ጥያቄ፦ ከአንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ታላቁ ሰባተኛ፣ ታናሺቱ ሦስተኛ ክፍል ናቸው። የቤት ኪራይ ውላችን በጁን ስለሚያበቃ እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንቆይ ወይስ ወደ ሃዋርድ፣ ወደ ፍሬድሪክ ወይም ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ እንዛወር በሚለው ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር እየመከርን ነው። የቤት መፈለጊያ ገጾች ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ። በመኪና አሥር ደቂቃ ከሚራራቁ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ 8፣ ሌላው 4 ተሰጥቶታል፤ ለሁለተኛው ቅርብ የሆነው ቤት ግን ለአቅማችን የሚስማማ ነው።

የስቴቱን የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ስከፍት ደግሞ 4 የተሰጠው ትምህርት ቤት በሒሳብ ብቁ የተባሉት ተማሪዎቹ 31 በመቶ ብቻ ሆነው አገኘሁ። የተማሪዎቹም ቁጥር በአራት ዓመት ውስጥ ከ640 ወደ 580 ወርዷል። ቤተሰቦች ትምህርት ቤቱን እየሸሹ ነው ማለት ይሆን? እነዚህን ቁጥሮች በትክክል ማንበብ የምትችሉ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት

እህቴ፣ በመጀመሪያ 31 በመቶ የሚለው ቁጥር አያስደንግጥሽ። ልጆቻችን በየዓመቱ በጸደይ የሚወስዱት የስቴቱ ፈተና፣ ኤምካፕ የምንለው፣ አራት የብቃት ደረጃዎች አሉት፤ ብቁ የሚባሉት ከላይ ያሉትን ሁለት ደረጃዎች ያገኙት ብቻ ናቸው። በ2024 በመላው ሜሪላንድ በእንግሊዝኛ ብቁ የተባሉት ተማሪዎች 48 በመቶ ገደማ፣ በሒሳብ ደግሞ 24 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ 31 በመቶ ያስመዘገበ ትምህርት ቤት በሒሳብ ከስቴቱ የሁሉም ክፍሎች አማካይ በላይ ነው። እኛ በአገራችን ከመቶ ሃምሳ ያላገኘ ወደቀ ሲባል ስላደግን ቁጥሩን በዚያ ዓይን እናየዋለን፤ ይህ ግን የአንድ ልጅ ማርክ ሳይሆን ከፍ ያለውን መስፈርት ያለፉት ልጆች ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የብቃት መቶኛ በአብዛኛው የሚነግርሽ ልጆቹ ከየትኛው ቤት እንደመጡ ነው። ወላጆቻቸው ዲግሪ ያላቸው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስጠኚ የሚቀጠርላቸው ልጆች የተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት መምህራኑ ብዙ ባይደክሙም መቶኛው ከፍ ይላል። ስለዚህ በሪፖርት ካርዱ ውስጥ የእድገት መለኪያውን ፈልጊ። ይህ መለኪያ እያንዳንዱን ተማሪ ባለፈው ፈተና ከእርሱ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ከነበራቸው የስቴቱ ተማሪዎች ጋር ያወዳድረዋል፤ ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የጨመረውን ነገር የሚያሳየው እርሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዲሴምበር 2018 በወጣው የስቴቱ የኮከብ ደረጃ ውስጥ እድገት ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ100 ነጥብ 25 ይዞ ነበር። በዚያ አሠራር አምስት ኮከብ የሚገኘው በ75 በመቶና ከዚያ በላይ፣ አራት ኮከብ ደግሞ በ60 በመቶና ከዚያ በላይ በመሆኑ፣ 74 እና 76 ያገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች በኮከብ ሲለያዩ በተግባር ግን እኩል ናቸው። ስለዚህ ኮከቡን ትተሽ ከሥሩ ያሉትን ነጥቦች አንብቢ።

ተደጋጋሚ ቀሪነት የሚለውንም መስመር እዪ፤ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ የቀሩ ልጆችን ድርሻ ያሳያል። በ180 ቀን ሲሰላ 18 ቀን ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ባለበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ያለፈውን ትምህርት ደጋግሞ ለመከለስ ይገደዳል፤ ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የመረጃ ባለሙያ

ስለ ተማሪ ብዛት ላንሳ። ስቴቱ ይፋ የሚያደርገው ቁጥር ሴፕቴምበር 30 ቀን የተመዘገቡት ተማሪዎች ብዛት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የገባ ወይም የለቀቀ ልጅ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም። የተማሪ ቁጥር መቀነስ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ከሽሽት በፊት ሌሎቹን መመርመር ይገባል። በወረርሽኙ ወቅት፣ በ2020 መኸር፣ በመላው ሜሪላንድ ከ900 ሺህ በላይ የነበረው የተማሪ ቁጥር ወደ 880 ሺህ ገደማ ወርዷል። ከዚህ ሌላ የሚወለዱ ሕፃናት መቀነስ፣ የቤት ኪራይ መወደድ፣ እንዲሁም አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት የወሰን መስመር (የትኛው ሰፈር ልጆቹን ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚልክ የሚወስነው) መቀየር ቁጥሩን ያወርዱታል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ለውጥ ከካውንቲው ለውጥ ጋር ያስተያዩት። ካውንቲው በ3 በመቶ ቀንሶ ትምህርት ቤቱ በ9 በመቶ ከቀነሰ፣ ማብራሪያ የሚያስፈልገው በመካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስቴቱ 24 የትምህርት ሥርዓቶች አሉት፤ 23ቱ ካውንቲዎች ሲሆኑ አንዱ የባልቲሞር ከተማ ነው። ሞንትጎመሪ ብቻውን ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሲኖሩት፣ ኬንት ካውንቲ ከ2 ሺህ ያነሱ ተማሪዎች ነው ያሉት። በዚህ ምክንያት የካውንቲ አማካይ ስለ አንድ ሰፈር የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ሰንጠረዥ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ መቶኛዎችን ደምራችሁ አታካፍሉ። ለምሳሌ በአንድ ትምህርት ቤት 60 ልጆች ተፈትነው 70 በመቶው፣ በሌላው 300 ተፈትነው 40 በመቶው ቢያልፉ፣ የሁለቱ አማካይ 55 በመቶ አይደለም። ያለፉት 42 እና 120 ልጆች በመሆናቸው፣ ድምሩ ከ360 ተፈታኞች 162፣ ማለትም 45 በመቶ ነው።

ከ10 ልጆች በታች ያሉት ቡድን ውጤቱ በዚህ ምልክት (*) ይሸፈናል፤ ይህ የልጆቹን ማንነት ለመጠበቅ የተደረገ ነው። እንደ ዜሮ እንዳትቆጥሩት አደራ።

ጠያቂዋ ታላቁ ልጃቸው ሰባተኛ ክፍል ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት በስቴት ደረጃ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሲያዩ ትምህርት ቤቶቹ የፈረሱ ሊመስልዎት ይችላል። ነገር ግን በሒሳብ ጠንካራ የሆኑት የስምንተኛ ክፍል ልጆች አልጀብራ አንድ ስለሚማሩ የሚፈተኑትም የአልጀብራውን ፈተና ነው፤ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ የሚቀሩት ሌሎቹ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ፈተናዎች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ስንት ልጆች አልጀብራ እንደወሰዱ ማየት ያስፈልጋል።

መልስ፦ ከአንድ አባት፣ ጀርመንታውን

የእኔን ስሕተት ላካፍላችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ቤት ስንገዛ የትምህርት ቤቱን ከፍተኛ አማካይ አይተን ነበር የመረጥነው፤ ልጃችን ከገባ በኋላ ግን አማካዩን ከፍ ያደረገው በውድድር ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ልጆች የሚማሩበት ልዩ ፕሮግራም መሆኑን ተረዳን። በሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የሞንትጎመሪ ብሌር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብትመለከቱ፣ ከ3 ሺህ በላይ ተማሪዎች ባሉበት በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ታዋቂው የሳይንስና የሒሳብ ማግኔት ፕሮግራም የሚገኘው ለጥቂቶቹ ነው። ትምህርት ቤቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰፈሩ ውስጥ መኖር ብቻ ወደ ፕሮግራሙ አያስገባም። ስለዚህ ውጤቱን በቡድን ከፋፍላችሁ እዩት።

የወሰን መስመሩንም የቤቱን ሙሉ አድራሻ በካውንቲው ትምህርት ቢሮ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። ለእኛ ቤቱን ያሳየን ደላላ የነገረን የትምህርት ቤት ስም ትክክል አልነበረም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የእህቴ ልጅ በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። እንግሊዝኛዋ ገና ነው። ለእርሷስ የትኛውን ቁጥር ልይ?

መልስ፦ ከአንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ መምህር

ለእርሷ የትምህርት ቤቱን አጠቃላይ አማካይ ይተዉት፤ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎችን መስመር ይክፈቱ። በዚያ ውስጥ በየዓመቱ በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ስንቶቹ የታቀደላቸውን እድገት እንዳሳዩ ያገኛሉ፤ ከዚያም የዚሁ ቡድን በአራት ዓመት የመመረቅ መጠን አለ። በዘጠነኛ ክፍል ለምትጀምር ልጅ ይህ ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ትራንስክሪፕት በክሬዲት ካልተቆጠረላት በአራት ዓመት መጨረስ ይቸግራታል። ትራንስክሪፕቷን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው በምዝገባው ቀን ይዘው ይሂዱ። ሞንትጎመሪ ለቤተሰቦች መረጃ ከሚያዘጋጅባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አያመንቱ፤ ልጆቹን በአስተርጓሚነት ማስቀመጥ አይገባም።

የመጨናነቅን ጉዳይ ለማወቅ ደግሞ የተማሪውን ብዛት ለሕንፃው አቅም ያካፍሉ። እያንዳንዱ ካውንቲ በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ዕቅድ ውስጥ ሁለቱም ቁጥሮች፣ የመጪዎቹ ዓመታት ግምትም ጭምር ይገኛሉ። ከ100 በመቶ በላይ ከሆነ ግቢው ውስጥ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የመኖራቸው ዕድል ሰፊ ነው።

ከጠያቂዋ

እንደነገራችሁኝ አደረግሁ። 4 የተሰጠው ትምህርት ቤት በእድገት ከ25ቱ 14 ነጥብ፣ 8 የተሰጠው ደግሞ 11 ነጥብ ይዘው አገኘኋቸው። የቀነሱት 60 ልጆችም አብዛኞቹ የወሰን መስመሩ ሲቀየር ወደ አጎራባቹ ትምህርት ቤት የተዛወሩ መሆናቸውን ከሕንፃ ዕቅዱ አነበብኩ፤ አሁን ትምህርት ቤቱ 92 በመቶ ነው የሞላው። ማክሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ለጉብኝት ቀጠሮ ይዘናል፤ የእህቴንም ልጅ ትራንስክሪፕት ለትርጉም ሰጥቻለሁ።