«ገዳም»፣ «ግዞት» እና «ተነሳሒ»፦ የአየርላንድን የመግደላዊት ቤቶች በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጥያቄ፦

ፒተር መላን ስለ አየርላንድ የመግደላዊት ቤቶች (የካቶሊክ መነኮሳይት ያስተዳድሯቸው የነበሩ፣ ሴቶች ተዘግተው ያለ ክፍያ ልብስ የሚያጥቡባቸው ላውንደሪዎች) የሠራውንና በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተሸለመውን ፊልም ንግግር ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ቤቱን «ገዳም»፣ በውስጡ የተዘጋባቸውን ሴቶች «ተነሳሕያን»፣ የተከሰሱበትን ነገር ደግሞ «የወደቀች ሴት» በሚል ብጽፈው ቃሉ ትክክል ሆኖ ነገሩ ግን የተሳሳተ መሰለኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦

እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ተገቢ ነው። «ገዳም» በግዕዝ ዱርና ምድረ በዳ ማለትም ነው፤ በአማርኛ «ገዳም ገባች» ሲባል ግሡ ራሱ በፈቃዷ እንደሄደች ይመሰክራል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ግን ከሦስቱ ዋና ባለታሪክ ልጆች አንዷን፣ ማርጋሬትን፣ በሠርግ ቤት የአጎቷ ልጅ ይደፍራታል፤ ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ሙዚቃው ስለሚውጠው የሚተረጎም ቃል እንኳ አይሰማም፤ በማግስቱ ማለዳ በመኪና ይወስዷታል። ይህች ልጅ አልገባችም፤ ተወሰደች። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ግዞት» ነው። ልጅ ኢያሱ በፍቼ «በግዞት ተቀመጡ» ስንል መውጫው ቀን ያልተነገረ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ እስራት ማለታችን ነው፤ የእነዚህ ሴቶች ኑሮም ይኸው ነበር። (ካህን ከሚያስረው «ግዝት» ጋር እንዳይምታታ አደራ።) ቃሉ የመንግሥትን እጅም አይደብቅም፤ በ2013 የወጣው የመንግሥት ሪፖርት ከ1922 ጀምሮ 10,000 ያህል ሴቶች በእነዚህ ቤቶች እንዳለፉና ከአራት አንድ ያህሉን በማስገባት መንግሥት እንደተሳተፈ አረጋግጦ፣ የወቅቱ የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል።

«ተነሳሒ» የቤቶቹ የራሳቸው ቃል ስለሆነ መነኮሳይቱ ሲናገሩ ይቀመጥ፤ በአንቺ ምርጫ ግን አይደገም። በእኛ ልማድ ሰው ራሱ ንስሐ ይገባል፤ የንስሐ አባቱ ይህን ያህል ጾም፣ ይህን ያህል ስግደት ብሎ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ሲፈጽም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይባላል። ንስሐችን በመፍታት የሚያልቅ ነው፤ እስረኛም የሚለቀቀው በዚያው ግሥ፣ «ተፈታ» ተብሎ ነው። በመግደላዊት ቤቶች «ይፍታሽ» ሳይባሉ የሞቱ ብዙዎች ናቸው፤ በ1993 በደብሊን ሃይ ፓርክ ግቢ የመቃብር ቦታው በመሸጡ የ155 ሴቶች አፅም ተቆፍሮ ወጥቷል።

«የወደቀች» ለአማርኛ ባዕድ አይደለም፤ «በኃጢአት ወደቀ» እንላለንና። ችግሩ ጆሯችን ቶሎ ወደ «ውዳቂ» ስለሚወስደው ነው። ከሦስቱ ልጆች አንዷ ተደፍራለች፣ አንዷ በወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ግቢ ሆና ከወንዶች ልጆች ጋር አውርታለች፣ አንዷ፣ ሮዝ፣ ያለ ጋብቻ ወልዳለች። እኔ ብሆን «ስሟ የጠፋ» እላለሁ፤ «ማን አጠፋው?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላልና። ይህ ለሮዝ በሌላም መንገድ ይገጥማታል፤ ቤቱ ስሟን ነጥቆ «ፓትሪሺያ» ብሏታል።

«መግደላዊት» እንዳለ ይቀመጥ፣ ነገር ግን አጭር ማብራሪያ ይሻል። ጳጳሱ ታላቁ ጎርጎርዮስ በ591 በሰጡት ስብከት መግደላዊት ማርያምን በወንጌል ከተጠቀሰችው ስሟ ካልተነገረ ኃጢአተኛ ሴት ጋር አንድ ስላደረጓት በምዕራቡ ዓለም ስሟ የዝሙት ንስሐ ምሳሌ ሆነ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁለቱን አይቀላቅሉም፤ ለእኛ ምእመን መግደላዊት በቅድሚያ ትንሣኤን ያየችው ናት፣ በመሆኑም ስሙ ለምን ለዚህ ቤት እንደተሰጠ አይገባውም።

«ላውንደሪ» እንደሆነ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። አትንኪው።

ጥያቄ፦

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፤ ብሪጅት የተባለችዋን የቤቱን ኃላፊ «እማሆይ» ልበላት?

መልስ፦

«እማሆይ ብሪጅት» ካልሽ ተመልካቹ ነጠላ የለበሱ፣ መቁጠሪያ የያዙ እናት ይታዩታል። በአገራችን ያሉ የካቶሊክ መነኮሳይት የሚጠሩት «ሲስተር» ተብለው ነውና እሱ ይሻላል። ነርስንም «ሲስተር» ስለምንል የሚሳሳት ይኖራል፤ ቢሆንም የመነኩሲት ልብሷ በምስሉ ላይ ስለሚታይ አያስቸግርም። «እመ ምኔት» የሚለውን ደግሞ ማዕረጓን መጥቀስ በሚያስፈልግበት ንግግር ላይ ብቻ አስገቢው።